ኣስመረትና የገደሉ ስበት

ኣስመረት ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስትሳፈር ያያት ሰው አስተማሪ ትመስለዋለች። ሥራዋ ግን ከመሬት በታች ያለውን በስበት መፈለግ ነው። አሥመራ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ ናይሮቢ ከካሣሁን ጋር የመሬት ጥናት ቢሮ ከፍታ ነበር።

ካሣሁን ከቢሮው የገፋት በዝግታዋ አሳብቦ ነው። በየመለኪያው ቦታ ቆማ በዙሪያዋ ያለውን ዳገትና ገደል ትስላለች። እሱ ከሳተላይት የተገኘ የከፍታ ካርታ ኮምፒውተር ላይ ጫነና በደንበኞች ፊት «ኣስመረት ገደል ካየች ትተከላለች» አለ። ሳቁባት። ቢሮው ላቪንግተን ወደሚባለው የሀብታም ሰፈር ሲዛወር የሷ ወንበር አልተዛወረም።

ለምን ትቆማለች? የስበት መለኪያ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚስበው ይናገራል። አጠገቡ ተራራ ካለ ተራራው ትንሽ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ንባቡ ይቀንሳል። ሸለቆ ካለስ? ወደ ታች መሳብ የነበረበት ድንጋይ የለም፤ ንባቡ አሁንም ይቀንሳል። እንዴት ደስ ይላል! ተራራም ሸለቆም ስሕተታቸው አንድ ነው፣ እርማቱም ሁልጊዜ መደመር ነው። የሳተላይቱ ካርታ ግን ቅርብ ያለውን ገደል አለዝቦ ያልፈዋል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ለኤሌክትሪክ ኃይል የከርሰ ምድር እንፋሎት ሊቆፍር ያሰበ ድርጅት ካሣሁን የሠራለትን የስበት ካርታ እንድታጣራ ቀጠራት። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ ገደሉ ሥር፣ ስበቱ የቀነሰበት ቦታ አለ። ካሣሁን እንፋሎት ያዘለ ስንጥቅ ድንጋይ ነው ብሎ መቆፈሪያው ቦታ ላይ የምልክት ችካል አስተክሏል። ኣስመረት ቅናሹ የገደሉ ብቻ እንዲሆን ተመኘች። ካርታው ባዶ ቢሆን ስሙም አብሮ ይጠፋል።

ሄዳ ለካች። እርማቱን ለመሥራት የተራራው ድንጋይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁሉም የሚጠቀምበት የተለመደ ቁጥር አለ፤ በሱ ስታሰላ የካሣሁን እንፋሎት ድራሹ ጠፋ። እዚያ ላይ ብታቆም ማንም አይጠይቃትም።

ግን ከገደሉ ያመጣቻቸውን ድንጋዮች ባልዲ ውስጥ እየነከረች መዘነች። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገሩ፣ ቀላል ነበሩ። ተራራው ቀላል ከሆነ እርማቱም ያንሳል። እንደገና ስታሰላ ቅናሹ ተመለሰ። ተናደደች። ቀጥላ ግን ቦታውን አየች፤ ከገደሉ ርቆ ወደ ሜዳው ሸሽቷል። ስልኳን አንስታ ካሣሁን ጋ ደወለች።

«አሁንም ድንጋይ ታጥቢያለሽ አሉኝ» አለ ካሣሁን።

«እንፋሎትህ ያለ ይመስላል።»

«ያንቺ አፍ ነው ይህን የሚለው?»

«ችካልህ ጋ ግን አይደለም። አራት መቶ ሜትር ስተሃል።»

«እሺ፣ ልጆቹ ይነቅሉታል።»

«የለም ካሥዬ፤ ራስህ ትነቅለዋለህ፣ እኔ እያየሁ። ሪፖርቴ ትክክለኛውን ቦታ ይናገራል። ካልመጣህ ግን እንዴት እንደሳትክ ለደንበኞችህ በአካል አስረዳለሁ። ቀስ ብዬ።»

መጣ። ችካሉን በሲሚንቶ አስተክሎት ኖሯል። ኮቱን አውልቆ በመዶሻ ይፈረካክሰው ጀመር፤ ሠራተኞቹ ከመኪናው ጥላ ሆነው ያዩታል። ኣስመረት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ውሃ ይዘሻል?» አላት ላቡን እየጠረገ።

ይዛ ነበር።

«አልያዝኩም» አለችው።