በአባቴ ለቅሶ የታቀፈችው ልጅ

አባቴ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ የሚሰጥ በጎ አድራጎት ማኅበር ይመራ ነበር። ቅዳሜውን የሚያሳልፈው የሌላ ሰው ልጆች ለኮሌጅ ማመልከቻ የጻፉትን ድርሰት ሲያርም ነበር። የእኔን «አንቺማ ጎበዝ ነሽ» ብሎ ሳያነበው መለሰልኝ።

ለቅሶው ላይ ማኅበሩ ስኮላርሺፕ ሰጥቶ ካስተማራቸው ልጆች አንዷ አጠገቤ ተቀምጣ ድምፅ አውጥታ ታለቅሳለች። እኔ ሰው ፊት ማልቀስ አይሆንልኝም። አንዲት አሮጊት ገቡና እሷን አቀፏት።

«ልጄን! አባትሽ እኮ የሁላችንም አባት ነበሩ።»

«እማማ፣ ልጃቸው እሷ ናት» አለች ወደ እኔ እያሳየች።

«አንቺስ?»

«እኔን ያስተማሩኝ ናቸው።»

«እንግዲያው አንቺም ልጃቸው ነሽ!» ብለው ይበልጥ አጥብቀው ያዟት። ለእኔ እጃቸውን ብቻ ዘርግተው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ።

ቅናት አንገበገበኝ። ከቤተሰቡ ወንበር ተነሥቼ ከለቀስተኞቹ መሀል ተቀመጥኩ። ወደ ቦታሽ ተመለሺ ያለኝ ሰው አልነበረም።