ለብርቄ የተሠራው ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት ለእኔ ሽታ ነበረው፤ የሱረት ሽታ። ዛሬም አንድ ሰው ሕፃናት ሰብስቦ «ተረት ተረት» ሲል ከሰማሁ «የላም በረት» ብዬ መመለስ አልችልም፤ ያቅለሸልሸኛል፣ አፌ ይመርረኛል፣ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። ልጆቼን ያሳደግኋቸው ያለ ተረት ነው። ሰው ይገርመዋል። «አንቺን የመሰለች ወሬ አሳማሪ እንዴት ተረት ትጠያለሽ?» ይሉኛል። የምጠላው እሱኑ ማሳመሬን አይደል።

ያኔ ቤታችን አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። አባቴ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ እናቴ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ልጆቹ ሁለት ነን፤ እኔ ስንዱ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እህቴ ብርቄ ስድስት ዓመቷ። ወንዙ የሚሸት ቀን መስኮት አይከፈትም፤ በተዘጋው ቤት ውስጥ ደግሞ የከሰሉ ጭስና የፋኖሱ ጋዝ ታፍነው ዓይን ያቃጥላሉ። ይኼ ሁሉ ልማድ ነው፤ አቃቂ የተወለደ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። እኔ ያልለመድኩት አባባ ይርጋን ነው።

አባባ ይርጋ የአባቴ አጎት ናቸው። አባቴን ወላጆቹ ሞተውበት ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸውን ሊታከሙ «ለአንድ ወር» ብለው ከአገር ቤት መጥተው ሁለት ክረምት ከረሙብን። «ናቸው» የምለው አፌ ስለለመደ ነው እንጂ አንቱታ ይገባቸዋል ብዬ አይደለም። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፤ እኔ ግን እወቅሳለሁ።

ማታ ማታ እናቴ ፈረቃ ስትወጣ፣ አባቴም መስመር ላይ ሲያመሽ፣ እኔና ብርቄ ከማንደጃው ዳር ከእሳቸው ጋር እንቀመጣለን። መጀመሪያ ሱረታቸውን መዳፋቸው ላይ ነስንሰው ይስባሉ። ከዚያ ያነጥሳሉ፣ ይናፈጣሉ፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ አጠገባቸው ባለው የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ይተፋሉ። ያንን ጣሳ ወስዶ ቦዩ ውስጥ መድፋት የእኔ ሥራ ነበር። ፊቴን አዙሬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ክንዴን ዘርግቼ ነበር የምሄደው፤ አንድ ቀን ነፋስ መልሶ ቀሚሴ ላይ ረጨብኝና እዚያው ቦዩ ዳር አስመለሰኝ። በዚያው ጣታቸው ደግሞ እራት ላይ ያጎርሱናል። ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አፋችንን ከፍተን እንቀበላለን፤ ሳናኝክ እንውጣለን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምንችለው ለተረቱ ብለን ነው። አፈር ይብላቸውና ተረት ያውቁ ነበር! ጅቡ ሲናገር ድምፃቸው ይወርዳል፣ ጦጣዋ ስታላግጥ ከንፈራቸው ይሾላል፣ እኛ ፍሙ እስኪከስም ድረስ ዓይናችንን ከፊታቸው አንነቅልም። ብርቄማ አፏን ከፍታ ምራቋ ይዝረበረባል፤ ያኔ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም እንደጠባ፣ ጅቡም ጦጣዋም ቀሩና ተረቱ አንድ ብቻ ሆነ። ድሬዳዋ የምትኖር ደግ ሴትዮ አለች። ልጅ የላትም። ቤቷ ውስጥ ውሃ ከግድግዳ ይፈልቃል፣ የብር አልጋ ተነጥፏል፣ የብርቱካን ዛፉ በመስኮት በኩል እጁን ዘርግቶ «ውሰዱኝ» ይላል። አንድ ቀን አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ በኦቶራይ ተሳፍራ ወደ ሴትዮዋ ቤት ትሄዳለች። ኦቶራይ የምንለው የመንገደኞቹን ባቡር ነው። እኛ የባቡር ሠፈር ልጆች ቀን በቀን ሲያልፍ እጃችንን እናውለበልብለት ነበር እንጂ ገብተንበት አናውቅም። ብርቄ ይህን ስትሰማ በምላሷ ድዷን እየነካካች፣ «እንደኔ ናታ?» ትላለች። «እንዳንቺ ናት እንጂ፤ ቁርጥ አንቺን» ይላሉ።

ነገሩ ተረት ብቻ እንዳልሆነ እኔ አውቅ ነበር። የአባባ ይርጋ ሟች ሚስት የእህት ልጅ ድሬዳዋ ሆቴል አላት፤ «አንዷን ልጅ ላሳድግ» ብላ ልካለች፤ አባባ ይርጋም ትንሿን አመጣለሁ ብለው ቃል ሰጥተዋታል። ዘመድ ከዘመድ ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ ያኔ ብርቅ አልነበረም። እናቴ «ልጄን ከምሰጥ ዓይኔን አውጡ» አለች። አባቴ ባሳደገው ሰውና በእናቴ መሀል ተጨነቀና በመጨረሻ አንድ ነገር ቆረጠ። «ልጄን አስለቅሼ አልሰጥም። ሰው ባለበት ትጠየቅ። ወድጄ እሄዳለሁ ካለች የአባባን ቃል አላጥፍም፤ እንቢ ካለች ደግሞ ዳግም እንዳይነሳ።»

«የስድስት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች?» አለች እናቴ።

«የምትወደውን ታውቃለች» አሏት አባባ ይርጋ።

እኔስ? እኔ የእሳቸው ረዳት ሆንኩ። አንድ ማታ «ስንዱ፣ አንቺ አፍ አለሽ፤ እኔ ስወጣ ለእህትሽ አጫውቻት» አሉኝ። በቤታችን ማንም «አፍ አለሽ» ብሎኝ አያውቅም፤ «አፍሽን ያዢ» ነበር የሚሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብርቄን ሐዲዱ ዳር ከተቆለለው ብረት ላይ አስቀምጬ እተርትላት ጀመር። ደግሞ ብርድ ልብሱ ለእኔ ብቻ ይሆናል ብዬም አስቤያለሁ፤ ምን ብዬ ልዋሽ?

ግን ተረቱ አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። ክፉ የለበትም፤ ጅብ የሌለበት ተረት ደግሞ አይጥምም። ስለዚህ ከራሴ ጨመርኩበት። ልጅቷ ምቀኛ ታላቅ እህት ነበረቻት። የምትሄድበት ቀን ሲደርስ እህትየው መጥታ «ሴትዮዋ ክፉ ናት፣ ውሸታቸውን ነው፣ እንዳትሄጂ» አለቻት። ልጅቷ ግን ብልህ ስለሆነች ሁለት ጆሮዋን በእጇ ደፍና ወደ ባቡሩ ሮጠች።

ይህን ማታ ለአባባ ይርጋ ስነግራቸው ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። ጉልበታቸውን መቱ። «ተረት ማለት ይኼ ነው! ጎበዝ የኔ ልጅ!» አሉና በዚያ እጃቸው ጉንጬን ያዙኝ። አልቀፈፈኝም። ያን ቀን ብቻ አልቀፈፈኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶች ተጠርተው ብርቄ መሀል ላይ ቆመች። አባቴ «ብርቅነሽ፣ ድሬዳዋ ትሄጃለሽ ወይስ ከኛ ጋር ትኖሪያለሽ?» አላት። ቃሉን ሳይጨርስ «እሄዳለሁ!» አለች። አባቴ እንደገና ጠየቃት፤ እንደገና እሄዳለሁ አለች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎስጉሳ ወደ ጓዳ ገባች።

በሳምንቱ ልጅቷን የሚወስድ ሰውዬ ከድሬዳዋ መጣ። ጀንበር ስትጠልቅ ጣሳዬን ይዤ ወደ ቦዩ ስሄድ እሱና አባባ ይርጋ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጠው ያወራሉ። ሰውየው «ትንሽ ናት እኮ አባባ። ሴትዮዋ ሥራ የምትችል ነው ያለችኝ» ይላል።

«ብርጭቆ ማጠብ ምን ጉልበት ይፈልጋል? ቆይታ ወለሉንም ትይዛለች። ይልቅ የኔ ክፍል ተዘጋጅቷል?»

«ልጅቷን ይዘው ይምጡ እንጂ አልጋዎ ተነጥፎ ይጠብቅዎታል ብላለች።»

«ታዲያ ይኸው ይዤ እመጣለሁ። ያችን ተንከሲስ ስንዱን አመስግን፤ እሷ ባትሰብክልኝ ትንሿ እሺ አትልም ነበር።»

ጣሳው እጄ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ውስጡን አየሁት፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ሳላዞር ያየሁት። ያ የተዝለገለገ ቡናማ ነገር ከሳቸው አፍ የወጣ ነው፤ ተረቱም ከዚያው አፍ ነው የወጣው፤ እኔ ደግሞ ተቀብዬ እህቴን አጎረስኳት። እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ቀን ራሴን የተጸየፍኩበት ቀን የለም።

ሮጬ ወደ ብርቄ ሄድኩ። «እንዳትሄጂ! ውሸት ነው፤ ሴትዮዋ ብርጭቆ ልታሳጥብሽ ነው!» አልኳት። ብርቄ አየችኝ፤ በጣም ተረጋግታ አየችኝ። «እንዲህ እንደምትዪ አውቄ ነበር» አለችና ሁለት ጆሮዋን በእጇ ደፈነች። እጇን ለማስለቀቅ ታገልኳት፤ ጮኸች። «ምቀኛ!» አለችኝ። እኔው ያስተማርኳት ነው፤ ለማን አቤት እላለሁ?

ለእናቴ ብነግር ታምነኛለች፤ አባቴ ግን «እናታቸው ልጆቹን ከአባባ ልታጣላ ነው» ይላል። ለአባቴ ብነግር ሽማግሌ በማሳጣቴ በጥፊ ይለኛል። ባቡሩ በማግስቱ ጠዋት ነው። ማንደጃው ዳር አባቴ፣ አባባ ይርጋና እንግዳው ተቀምጠዋል፤ እናቴ ጓዳ ሆና የብርቄን ልብስ ታጥፋለች። ውሃ ለማስታጠብ ገብቼ ጎንበስ እንዳልኩ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «አባባ፣ የብርቄን ተረት ለአባዬም ይንገሩት፤ እሱ ሰምቶት አያውቅም» አልኳቸው።

«ዛሬ ደክሞኛል» አሉ፤ ሱረታቸውን ፈለጉ።

ብርቄ ግን ተነስታ ቆመች። «እኔ እነግረዋለሁ! እኔ እችለዋለሁ!»

አባቴ ፈገግ አለ፤ ልትለየው ያለች ልጁ ናት። «እስቲ ንገሪኝ» አላት። ብርቄ ጀመረች፤ ከግድግዳ የሚፈልቀውን ውሃ፣ የብሩን አልጋ፣ በመስኮት የሚገባውን ብርቱካን፣ የፊት ጥርሷ የወለቀውን ልጅ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ድምፅዋን እንደሳቸው ዝቅ ከፍ እያደረገች። እንግዳው ተረቱ ለምን እንደተሠራ አላወቀም ነበርና መሳቅ ጀመረ። «የምን የብር አልጋ? የሆቴሉ ሠራተኞች ኩሽና ወለል ላይ አይደል የሚተኙት!» አለ።

አባቴ አልሳቀም። «ቀጥዪ» አላት።

«ከዚያ አባቷ ያለቅሳል፤ ግን ልጅቷ ዞራ ማየት የለባትም፤ ዞራ ካየች ብርቱካኑ ይደርቃል። ምቀኛ እህት ደግሞ አለቻት...»

የመጀመሪያውን እኔ አልሰማሁትም ነበር፤ ዞራ አትይ የሚለውን እሳቸው ብቻቸውን ናቸው የነገሯት። አባቴ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። ፋኖሱ ይጨስ ነበር፤ የነካው ሰው የለም። ስትጨርስ፣ «ይኼን ማነው የነገረሽ?» አላት።

«አባባ። ስንዱም።»

ጓዳ ውስጥ የእናቴ እጅ ቆመ። አባባ ይርጋ «ልጅ የሰማውን ይቀላቅላል፤ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ። አባቴ «ነገ እርስዎ በኦቶራዩ ይሄዳሉ። ብርቄ ትቀራለች» አለ።

ጠዋት ጓዛቸውን ራሱ ተሸክሞ ጣቢያ አደረሳቸው፤ እኔና ብርቄ ከኋላው ተከተልን። ያሳደጉት ናቸውና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ብርቄ መሬት ላይ ተንፈራግጣ አለቀሰች፤ በኦቶራይ ልትሄድ የነበረች ልጅ ምን ታድርግ። አባቴ አንስቶ አዝሏት ቤት ገባና፣ ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ አፉን ተጉመጠመጠ። ደጋግሞ ተጉመጥምጦ ተፋ። ከዚያ ጠራኝ።

በጥፊ ይለኛል ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቼ ቀረብኩ። አልመታኝም። ከፊቴ ቁጢጥ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ለሳቸው አልጋ ሊሰጧቸው ነበር» አለኝ። «ላንቺስ ምን ሰጡሽ?»

የምመልሰውን ፈለግኩ። ከረሜላ አልሰጡኝም፤ ደብተር አልሰጡኝም። ቢሰጡኝ ምነኛ በወደድኩ።

«ጎበዝ አሉኝ» አልኩት።

አባቴ ተነስቶ ወደ ሥራው ሄደ። ይህ ነገር በቤታችን ዳግም አልተነሳም። ብርቄ ዛሬ ሳሪስ ትኖራለች፣ ሦስት ወልዳለች፣ ያን ዘመን ረስታዋለች፤ ስንገናኝ ስለ ባቡሩ ፉጨት ብቻ ነው የምታወራኝ። እኔ ግን ዛሬም በሰው መሀል ስናገር አንዱ «ጎበዝ፣ አፍ አለሽ» ካለኝ ወሬዬን አቋርጣለሁ፤ እህቴን በምን ያህል ሸጬያት እንደነበር አውቀዋለሁና።