ያለ ካፕሱል የዳነ እጅ

ከሾፌሬ ጋር በማለዳ ከጅማ ተነሳን። የእጅ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ጋምቤላ የምሄደው ተራ ሲጠብቁ የቆዩ ታካሚዎችን ለማከምና ስለ አንድ ልማድ ለመነጋገር ነው። ለትንሿም የእጅ ቀዶ ሕክምና «ለጥንቃቄ» እየተባለ የሳምንት አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ጀርሞቹ ግን ስለሚለምዱት፣ መድኃኒቱ በቁርጡ ቀን አልሠራ ይላል።

እስከ ጎሬ ጭጋግና ጫካ ስለነበር ሹራቤን አላወለቅኩም። ቡሬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ባሮ ወንዝ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በልተን አረፍን።

በማግስቱ፣ ጋምቤላ

የመጀመሪያዋ ታካሚ እትዬ ዘሃራ ገበያው ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ። የእጅ አንጓቸው ላይ ነርቭ ታፍኖ ጣታቸው ስለሚደነዝዝ መቀስ ከእጃቸው ይወድቃል። ቀዶ ሕክምናው አጭርና ንጹሕ ነበር። እንደጨረስን የሆስፒታሉ ነርስ ኦባንግ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ይዞ መጣ።

«ይቅር» አልኩት።

«ዶክተር፣ እዚህ ሙቀት ነው። ቁስሉ ቢያመረቅዝ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። አንቺ ትሄጃለሽ።»

እውነቱን ነው። «ስኳር የለባቸውም፣ ቁስሉም ንጹሕ ነው። ካፕሱሉ አይጠቅማቸውም» አልኩ።

እትዬ ዘሃራ ሰሙን። «የእህቴ ልጅ ሆዷን ተቀድዳ ቁስሉ መግል ይዞ አሰቃይቷታል። እኔን ያለ መድኃኒት ልትሸኚኝ ነው፣ ልጄ?»

«ስልክ ቁጥሬን ይያዙ። ቅር ካለዎት ይደውሉልኝ» አልኳቸው።

ኢታንግ

በነጋታው ከኦባንግ ጋር ታካሚ ለማየት ከጋምቤላ ወጣ ብሎ ባለው ኢታንግ ጤና ጣቢያ ሳለን፣ እጁን የጀልባ ሞተር የሰነጠቀው ዓሣ አጥማጅ አመጡልን። አጥንቱ ወጥቷል፤ ጭቃ ገብቶበታል። አላመነታሁም፤ አንቲባዮቲክ ወዲያው በደም ሥሩ አስጀመርኩ።

«ታዲያ ለዚህኛው ለምን?» አለ ኦባንግ።

«ጀርሙ ቀድሞን ገብቷል። መሽቀዳደም አለብን።»

ሰውየውን ጭነን ወደ ጋምቤላ ስንመለስ ስልኬ ጠራ። እትዬ ዘሃራ ናቸው። «እጄ አብጧል፤ ይነደኛል።» ኦባንግ ሾፌሩን «ፍጠን» አለው። መንገዱ ረዘመብኝ።

ዓሣ አጥማጁ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና እስኪዘጋጅ በባጃጅ እትዬ ዘሃራ ሱቅ ደረስን። ፋሻውን ፈታሁ። ቁስሉ ደረቅ ነው፤ መቅላትም መግልም የለውም። እጃቸውን ቁልቁል አንጠልጥለው ደንበኛ ሲያስተናግዱ ውለው፣ የጠበቀው ፋሻ ነው ያሳበጣቸው። አላልቼ አሰርኩና ክንዳቸውን ትራስ ላይ ከፍ አደረግንላቸው። ትንሽ ቆይተው ሕመሙ ቀለል ሲላቸው እፎይ አሉ።

«አልሐምዱሊላህ! ከካፕሱሉስ መጥተሽ ማየትሽ ተሻለኝ።»

ከዚያ ወደ ዓሣ አጥማጁ ተመለስን። ከጋምቤላ ከመነሳቴ በፊት ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

ጅማ

ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት ይህንን ነው፦ ካፕሱል ሰጥቶ ማሰናበት ቀላል ነው። ሳይሰጡ መቅረት ግን ተመልሶ ማየትን ይጠይቃል። ይህን ተመልሶ የማየቱን ነገር ለኦባንግ በደንብ አልነገርኩትም ብዬ ስቆጭ፣ ራሱ ደወለ።

«ዛሬ አንዲት ሴት ያለ ካፕሱል ወደ ቤቷ ሰደድን።»

«ፈራህ?»

«ፈርቻለሁ» አለ እየሳቀ። «አሁን በሯ ላይ ቆሜያለሁ፤ ፋሻዋን ላይላት ነው የመጣሁት።»