ልዩ ያለሳቸው የዘፈነችበት ቀን

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ስልሳ ዓመት ሲያልፋቸው ጊታራቸውን ሰቅለው ሊቀመጡ ነበር። በደርግ ጊዜ ማጂ ላይ በኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ተጫውተዋል፤ ከዚያን ጊዜ ጓደኞቻቸው አንድም የቀረ የለም። ሐሳባቸውን ያስለወጧቸው ሻሚልና ልዩ ናቸው። ኪቦርድ የሚጫወተው ሻሚል ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዘፋኟ ልዩ ገና ሃያ አልሞላትም። ሦስቱ ሆነው ከቴፒ እስከ ቱም ሰርግ አደመቁ። ሰርገኛው ሽማግሌውን የልዩ አባት ያደርጋቸዋል። እሷም፣ "አዎ፣ አባቴ ናቸው፤ ያለሳቸው አልዘፍንም" እያለች ትስቃለች።

ባለፈው ክረምት ቴፒ ያለ አንድ ቪዲዮ አንሺ የመጀመሪያ ክሊፓቸውን ሊሠራላቸው ተስማማ። ሻሚል ጋሽ ወርቅአፈራሁ ቤት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ሰውየው የወጣት ባንድ ነው የሚታየው አለን።"

"ቤዙንስ ማን ይመታል?"

"ድምፁ ተቀድቶ የለ፤ የእርስዎው ነው። ለምስሉ ብቻ ጓደኛዬ ፍሬአብ ይይዘዋል።"

"ጊታሩን ልትወስድ ነዋ የመጣኸው።"

ሽማግሌው ጊታሩን አውጥተው ሰጡት። ልዩ መንገድ ዳር ሚኒባስ ውስጥ ነበረች፤ ወርዳ አልተሰናበተቻቸውም። እሳቸውም ከፍቷቸው ስለነበር ወጥተው አላዩዋትም።

ልጆቹ ቀረጻውን ጨርሰው ከቴፒ ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። ቁልቁለቱ ላይ ሚኒባሱ ተንሸራቶ የቡና ማሳ ውስጥ ተገለበጠ። ልዩና ፍሬአብ እዚያው ሞቱ። ሻሚል ተረፈ፤ ግራ እጁን ግን ሐኪሞች ሊያድኑለት አልቻሉም።

ለቅሶ ቤት፣ የልዩ እናት ወይዘሮ ሔዋን ከፍራሹ ላይ ቀና ብለው ጋሽ ወርቅአፈራሁን አዩዋቸው።

"እርስዎን አምኜ ነበር የለቀቅኳት። የት ነበሩ?"

ልጆቹ ትተዋቸው እንደሄዱ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግን የመቃብሯ አፈር ያልደረቀ ልጅን መክሰስ ሆነባቸው።

"ቤት ነበርኩ" አሉ።

"ቤት! ደግ አደረጉ" ብለው ሴትዮዋ ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ወዲያ በሚኖሩበት በአማን ከተማ፣ "ልጆቹን ልከው እሳቸው ቀሩ" ተባለ። ሻሚል ከሆስፒታል ሲወጣ ነው ወይዘሮ ሔዋን ዘንድ ሄዶ፣ "ያስቀረናቸው እኛ ነን፤ ለክሊፑ አርጅተዋል ብለን" ያለው። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ይህን ሲሰሙ ሻሚልን ተቆጡት።

"ልጇ እንዳፈረችብኝ ማወቅ ምን ይጠቅማታል?"

ወይዘሮ ሔዋን ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ይቅርታ አልጠየቁም። ክሊፑን ከፈቱት፤ ልዩ ትዘፍናለች፣ ፍሬአብ የማያውቀውን ጊታር ይነካካል።

"የእርስዎ ድምፅ የትኛው ነው?"

"ያ ከሥር ከሥሯ የሚሄደው፣ ወፍራሙ።"

ወይዘሮ ሔዋን ጆሯቸውን ሰጡ። ደጋግመው ከፈቱት፤ በመጨረሻ፣ "አልለይ አለኝ፤ እሷን ብቻ ነው የምሰማው" ብለው አለቀሱ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ስልኩን ከእጃቸው ተቀብለው አጠፉት።

ሻሚል በመስከረም ጅማ ዘመዶቹ ጋ ሄደ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ በአደጋው በተሰበረው ፈንታ ሌላ ጊታር አልገዙም።