ከበሩ እስከ ወንበሩ

ማኅበራችን ውስጥ ወንበር ሞልቷል፤ ቁጭ የማትል ሴት ግን አንዲት ናት። "ቁጭ በይ" ነው የምንላት። ቅጽል ስሙ ዋናውን ስም ውጦታል። ከሩቅ ሲጠሯት የሚሰማ እንግዳ የተቆጧት ይመስለዋል።

ቤቱ ድሮ የአናጢ ሱቅ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ተከራይተው፣ በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ፍርድ ቤት "ታከሙ" ብሎ የሚልካቸውን፣ ከእስር የሚፈቱትንም ይቀበሉበታል። እኔ በረኛው ነኝ። ውስጥ ሰዎቹ ወንበራቸውን ክብ ሠርተው ይነጋገራሉ፤ የምትመራቸው ነርሷ ናት፣ ሲስተር እንላታለን።

ቁጭ በይ መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ዕፅ ስታመላልስ ተይዛ፣ ዳኛው ከእስርና ከሕክምና ምረጪ ብሏት ነው። ተቀመጠች፣ ተነሣች። መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ተመለሰች። ደግሞ ተነሣች። ቢቸግራቸው ሁሉም ባንድ አፍ "ኧረ ቁጭ በይ" አሏት። ሲስተር ግን ምን ሆና እንደሆነ ጠየቀቻት።

"ሲስተር፣ እኔ ቁጭ ስል ቁጭቱ ይመጣል" አለች።

ሰው ሳቀ። ሲስተር አልሳቀችም። "እንግዲያው እየዞርሽ አውሪ" አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ከወንበሮቹ ጀርባ እየዞረች ታወራ ጀመር። አንዱ ሽማግሌ "ዕፁን ትቼ በዚች ሴትዮ ልሰክር ነው፣ አዞረችኝ እኮ" ይል ነበር። ቢሆንም እየዞረች ዳነች። ፈጣሪ አንዱን አስቀምጦ፣ ሌላውን አስኪዶ ይፈውሳል፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው።

ሲሻላት ላውንደሪ ቤት ልብስ መተኮስ ጀመረች። ቆሞ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ተስማማት። ከዚያም ማኅበሩ ሌላ ሥራ ጨመረላት። ከማረሚያ ቤት የሚወጡት አድራሻችን ይነገራቸዋል፤ ብዙዎቹን ግን መንገድ ይበላቸው ነበር። ከእስር ቤቱ በር እስከ እኛ ወንበር ድረስ የሚያደርሳቸው እግር ያስፈልግ ነበር። የእሷ እግር ደግሞ ድሮም ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

መንገዱ ሁለት ነው። አጭሩ በአውቶቡስ መናኸሪያው ያልፋል፤ እዚያ ጥግ ላይ ዕፅ የሚሸጡት ሰዎች የድሮ ደንበኛቸውን በአረማመዱ ያውቁታል። ረጅሙ በመጋዘኖቹ ጀርባ፣ በብሎኬት ማምረቻው አጥር ሥር ይዞራል። እሷ ሁልጊዜ በረጅሙ ናት።

"ልታሳክሚኝ ነው ወይስ ለውትድርና ልታሠለጥኚኝ?" ይሏታል የሚከተሏት።

"ዝም ብለህ ተራመድ" ትላለች።

አንድ ቀን ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ደጃችን ቆማ አገኘኋት። ወንድሟ ሊፈታ ነው። ታናሿ ነው፣ እጇ ላይ ያደገ። ፍርድ ቤቱ የሚለቀው በዚያው ዕለት እኛ ጋ መጥቶ ሕክምና እንዲጀምር ነው፤ ካልጀመረ ወደነበረበት ይመለሳል።

"ጋሼ፣ ባይከተለኝስ?" አለችኝ። የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች፣ ታስራለች፣ መልሳ ትፈታለች።

"ስንቱን ያመጣሽ ሴት?"

"ሌላ ሰው ሌላ ነው" ብላ ሄደች።

መንገድ ላይ የሆነውን ኋላ የነገረኝ እሱ ነው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቆመ። "እግሬ ዝሏል እትዬ፣ በአጭሩ እንሂድ" አላት።

"አጭሩ ረጅም ነው።"

"ተይ እንግዲህ። ያኔ በዚሁ መንገድ ትልኪኝ የነበርሽው አንቺ አይደለሽ?"

 ወደ መጋዘኖቹ ታጠፈች፤ ዞራ ሳታይ ሄደች። ኮቴውን እየሰማች ነበር ይላል። ሲቀር ትዘገያለች፣ ሲቀርብ ትፈጥናለች።

ደረሱ። እሱ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጉልበቱ መርፌ እንደሚወጋ የልብስ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል። እሷ የውሃ ጆግ ይዛ ከጀርባ መዞር ጀመረች። ሲስተር ገና "እንኳን ደህና መጣህ" ብላ ሳትጨርስ ተነሣ።

"ደርሼ ልምጣ" አለና በሩን ያዘ።

በራችን አይቆለፍም። የእኔ ሥራ መክፈት እንጂ መዝጋት አይደለም። በልቤ ጸለይኩ እንጂ እጄን አልዘረጋሁም።

"ተቀመጥ የኔ ልጅ" አለው ሽማግሌው።

"እሷ መቼ ተቀመጠች?" አለ ወደ እህቱ በአገጩ እያመለከተ። "ስሟን እንኳ ቁጭ በይ ብላችሁ አልተቀመጠችም። እኔን ነው የምትይዙኝ?"

ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። እግሩ በሽቦ የታሰረ አንድ ወንበር ተርፎ ነበር፤ ጎትታ እሱ ከተነሣበት አጠገብ አደረገችው። ተቀመጠች። መዳፎቿን ከጭኗ ሥር ከታ፣ ተነሥታ እንዳትሮጥ ራሷን የያዘች ትመስል ነበር።

"የላክሁህ እኔ ነኝ" አለች ወለሉን እያየች። "እኔ ሲያንቀጠቅጠኝ አንተን ነበር የምልከው። እናታችን ዳቦ ልትገዛ የሄድክ ነበር የሚመስላት። አንድ ቀን ዘገየህ። ስትመጣ ዓይንህን አየሁ፤ አንተም እንደቀመስከው አወቅሁ፤ ግን ያመጣኸውን ተቀብዬ ዝም አልኩ። ቁጭ ስል የሚመጣው ይሄ ነው።"

ወንበሩ በሽቦው ላይ ሲጢጥ ይላል።  እሱ የበሩን እጀታ እንደያዘ ነው። እኔ እጀታውን አያለሁ፤ አንዴ ወደ ታች ወረደ፣ ቆየ፣ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ።

"ወንበሩን እኔ ላይ ነው እንዴ ያስጠጋሽው?" አለ በመጨረሻ። "ጠጋ በይ እስቲ፣ እግሬን የት ልዘርጋው?"

ጠጋ አለች። ተቀመጠ። የሁለቱም ጉልበት እስከ መጨረሻው ሲንቀጠቀጥ ቆየ፤ ግን የተነሣ የለም። ሲስተርም ቀኑንና ስሙን መዝግባ ለፍርድ ቤቱ ደወለች።

ማታ ወንበሮቹን ስደራርብ ያንን ለይቼ አወጣሁት። ፒንሳ ፈልጌ ሽቦውን አጥብቄ አሰርኩት። በማግስቱ እሷ እንደ ልማዷ በእስር ቤቱ በር ነበረች። ቢሆንም ስትመለስ ይደክማት ይሆናል ብዬ ወንበሩን በሩ አጠገብ አቆየሁላት።