በሰልፍ መሀል የተዋጠች ክኒን

የክብሪት ሽታ ዛሬም ያስደነግጠኛል። ትናንት መብራት ጠፍቶ የልጅ ልጄ ሻማ ልታበራ ክብሪት ስትጭር፣ ያ አፍንጫ የሚሰረስር ጭስ ሽው አለኝና ከወንበሬ ብድግ አልኩ። "አባባ፣ ምን ሆኑ?" አለችኝ። "ምንም፤ አንድ ጓደኛዬ ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው መድኃኒት ክብሪት ነበር። ይጭሩና ጭሱን አፍንጫው ሥር ይይዙለታል። ለሃጩ ከነካን ይጋባብናል ብለው ስለሚፈሩ ግን አይጠጉትም ነበር። ክንዳቸውን ከሩቅ ዘርግተው ሲይዙ፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ እሳቱ ቆዳውን ይልሰዋል። የባለሱቋ ልጅ፣ ጓደኛዬ፣ ከአፍንጫው ሥር ጠባሳ ነበረው። ጢም ሲያወጣ እንኳ እዚያች ቦታ ላይ አልበቀለለትም።

እናቱ ገበያው ዳር ጨው፣ በርበሬና ላምባ የሚሸጡ፣ ባል የሞተባቸው ሙስሊም ሴት ነበሩ። እኔ ከገጠር መጥቼ እሳቸው ዘንድ ዕቃ እየተሸከምኩ አድር ነበር። ማንበብ የተማርኩት በዚያ ሱቅ ውስጥ፣ በርበሬ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ፊደሉን ብቻዬን ፈታሁት። ቆይቶ በትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎች ሳይቀሩ ማመልከቻ ያጽፉኝ ጀመር። ጉራ ነው ካልከኝም ይሁን፤ እውነት ነው።

ዶክተሩ ከአዲስ አበባ የመጣው ለጥናት ነበር። ሆስፒታል በሌለበት አገር ይህ በሽታ በርካሽ ክኒን ይቆም እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ዓይነት ክኒን፣ አንዱን የቆየ አንዱን አዲስ፣ ይዞ መጣ። ልቡ ወደ አንዱ እንዳያደላ፣ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ራሱም እንዳያውቅ ተደርጎ ነበር። የአገሬውን ቋንቋ ኽምጣኛንና አማርኛን አሳምሮ የሚናገር አስተርጓሚ ሲጠይቅ ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። ሌላ ማን ነበረና! በዚያው ዶክተሩ በከፈተው ክሊኒክ ተቀጠርኩ።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ ነገሩን ሰምተው ሳቁ። "የሚሰጠውን የማያውቅ ሐኪም! እኛስ የት እንደምንወድቅ እናውቃለን" አሉ። ሰው ሁሉ ሊሄድ ተነሣ። እኔ መሀላቸው ቆሜ በኽምጣኛ፣ "አዲስ ዘር ስታገኙ ማሳውን ሁሉ ትዘሩበታላችሁ? ግማሹን በድሮው፣ ግማሹን በአዲሱ ዘርታችሁ አይደል የምታዩት?" አልኳቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ያ አነጋገር የራሴ ነው፤ ዶክተሩ በኋላ በሄደበት ሁሉ ሲጠቀምበት ሰምቻለሁ።

ጓደኛዬ ክኒኑን ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ጥቂት ወራት አለፉና መውደቁ ቆመ። ብቻውን ወንዝ መውረድ፣ ያለ ፍርሃት እሳት ዳር መቀመጥ ጀመረ። በሠርግ ላይ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ጨፈረ። ድሮ ሲያልፍ መንገድ ይለቁለት የነበሩት ሰዎች እጁን ይጨብጡት ጀመር። በተጨበጠ ቁጥር መዳፉን ገልብጦ ያየው ነበር።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። እኔን የክሊኒክ ሠራተኛ ስለሆንኩ አለፉኝ። የሚጥል በሽታ ያለበትንም ወታደር ቤት አይፈልገውም ነበር። የዳነውን ግን ፈለገው።

የምልመላው ዕለት ጠዋት ዶክተሩ ለቀጠሮ ሕመምተኞቹ አምደወርቅ ሄዶ ነበር። ወደ ሱቁ ጎራ ስል እናቱ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። የክኒኑ ቆርቆሮ ጭናቸው ላይ ነው።

"ሄደ?" አልኳቸው።

"ጠሩት፣ ሄደ።"

"ማታ ክኒኑን ዋጠ?"

ቆርቆሮውን ወደ ሆዳቸው አስጠጉ። ዓይኔን ሳያዩ፣ "ሰሞኑን አልሰጠሁትም። አልቋል፣ ዶክተሩ እስኪያስመጣ ጠብቅ ብዬዋለሁ። እፊታቸው ይውደቅና ይዩት። ወላሂ፣ ወድቆ ይቅርልኝ እንጂ ቆሞ አይሂድብኝ!" አሉ።

 ዶክተሩ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚለውን በአፌ ስተረጉም ኖሬአለሁ። ክኒኑ በድንገት ከተቋረጠ በሽታው ብሶ ይመጣል፤ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይከተላል። ከጽጽቃ በኩል የመጣች አንዲት ሴት ጸበል ስትገባ ክኒኑን አቁሚ ተብላ አቁማ ነበር። አንድ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ስትወድቅ ውላ በዚያው ቀረች። በቃሬዛ ሲያወርዷት በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን ነገርኳቸው። "የኔ ልጅ አንዴ ወድቆ ይነሣል" አሉ።

"እትዬ፣ ካልተነሣስ?"

ቆርቆሮውን ጨብጠው አልለቅም አሉ። ክዳኑን ከፍቼ አንዲት ክኒን ብቻ አወጣሁ። ስሮጥ ከኋላዬ፣ "ብትሰጠው ይወስዱታል! የላክኸው አንተ ነህ፣ እወቀው!" ሲሉ ሰማኋቸው።

የቀበሌው ግቢ በአቧራና በላብ ሽታ ታፍኗል። ወጣቶቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። የክሊኒኩን ነጭ ጋወን ለብሼ ስለነበር ዘበኛው ቀና ብሎም አላየኝ፤ በቀጥታ ሊቀመንበሩ ፊት ቆምኩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የባለሱቋ ልጅ ሕመምተኛ ነው።"

"የቱ? ይሄ በሠርግ ላይ ትከሻው ሊገነጠል ሲል ያየሁት?" ሰልፉ በሳቅ አውካካ።

"ክኒን ካቆመ ይወድቃል።"

"እንግዲያው አያቁማ! አዳንነው ብላችሁ አገር ምድሩን አስወራችሁ። ለእናት አገር ሲሆን ነው የሚታመመው?"

"ዶክተሩ ይጠየቅ።"

"የት አለ?"

"አምደወርቅ።"

"እኛ ደግሞ እዚህ ነን" አለና ስም መጥራቱን ቀጠለ።

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ከመውደቁ በፊት የግራ እጁ ጣቶች እንደ ክራር ደርዳሪ ይርገበገቡ ነበር፤ ይህን ምልክት ከእናቱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ጣቶቹ ጀምረዋል። እጁን ብብቱ ውስጥ ወሸቀው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። የሚያየው እኔን ነው።

በሕይወቴ ሙሉ ቶሎ በመቁረጥ የታወቅሁ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ክኒኗ መዳፌ ላይ በላብ እስክትጣበቅ ቆምኩ። ዝም ካልኩ ይወድቃል፤ ይለቁታል፤ ምናልባትም አይነሣም። ከሰጠሁት ይሄዳል። 

ሰልፉን የማስተካክል መስዬ በኋላው አለፍኩና እጁ ውስጥ አስገባሁለት። ያለ ውኃ ዋጣት። ጉሮሮው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታገል አየሁ። ስም ይጠራል፤ አንዱ ይወጣል፤ ሌላ ይጠራል። ትከሻው ይንዘፈዘፋል፤ ጥርሱን ነክሷል። የእሱ ስም ሲጠራ እጁን ከብብቱ አወጣ። ጣቶቹ ጸጥ ብለዋል።

"አቤት!" አለና ወደ ፊት ወጣ።

ዶክተሩ ሲመለስ ነገርኩት። "አንዲት ክኒን በዚያች ቅጽበት አትሠራም። ሳይወስዳትም ላይወድቅ ይችል ነበር" አለኝ። ተከራከርኩት። ዛሬም ቢመጣ እከራከረዋለሁ፤ ጣቶቹን ያየሁት እኔ ነኝ።

በምልመላው ዕለት ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪናው ሊነሣ ሲል እናቱ እየሮጡ መጡ። ቆርቆሮውን እኔ እጅ ላይ ጣል አድርገው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ተንጠራርቼ አቀበልኩት። መኪናው አቧራውን ትቶልን ሄደ። ልጁ አልተመለሰም። የት እንደቀረም የነገረን የለም።

ከዚያ በኋላ እናቱ ሱቃቸው አላስገቡኝም። ለኢድ ይልኩልኝ የነበረው ምግብ ቀረ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ደርግ ወድቆ፣ እኔም ሸብቼ፣ እሳቸውም ደክመው አልጋ ከያዙ በኋላ አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ገብቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

"ክኒኑን ማን እንደከለከለው ያን ቀን አውቆ ነበር?" አሉኝ።

"አላወቀም። ቆርቆሮውን ሳቀብለው 'አልቆ አልነበር?' አለኝ። 'ዛሬ ጠዋት ከደሴ ገባ' አልኩት። 'እናቴ ስትጨነቅ ነው የሰነበተችው፤ መጣ በላት' ብሎኝ ነበር።"

 ቀስ ብለው ወደ ጥግ ተጠጉና የአልጋውን ጫፍ ለቀቁልኝ።

"ተቀመጥ፣ ልጄ" አሉ።

ተቀመጥኩ። እኔ፣ ወሬ የማያልቅብኝ ሰውዬ፣ እስኪመሽ አንድ ቃል አልወጣኝም።