ላፕቶፑን ሳላጠፋ

ሦስቱን ዲስኮች ያመጡልኝ አንዲት አዋላጅ ናቸው። ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር ከምጠግንባት ጠባብ ሱቅ፣ ዱካን ከምንላት፣ በር ላይ ቆመው፣ «ኮምፒውተር የምትሠሪው አንች ነሽ?» አሉኝ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ከኋላቸው አንዲት ወጣት እናት የአራት ዓመት ገደማ ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ቆማለች። ሦስቱም አቧራ ለብሰዋል። ከወድ ኤል ሒለው የስደተኞች መጠለያ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው መምጣታቸውን ኋላ ነገሩኝ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። ይግቡ» አልኋቸው።

ከፌስታላቸው በጨርቅ የተጠቀለሉትን ዲስኮች አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሯቸው። እያንዳንዱ እንደ መሳቢያ በሚንሸራተት የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለውን ካየሁ ቆይቻለሁ። አንዳንድ የዱሮ ላፕቶፖች ሲዲ ማጫወቻቸው ከጎን ተስቦ ይወጣል፤ በቦታው ሁለተኛ ዲስክ ማስገባት ይቻላል። የሳቸውም ላፕቶፕ እንዲያ ያለ ነበር። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ጎጇቸውን ሲወስድ አብሮ ሄደ። ዲስኮቹ ጎረቤት ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ስለነበሩ ተረፉ።

«ምንድን ነው ያለባቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ልጆች» አሉኝ።

ከዚያ ተቀምጠው ነገሩኝ። ድንበሩን ተሻግረው ከመጡ ጀምሮ በእጃቸው የተወለደውን ልጅ ሁሉ በደብተር ይመዘግባሉ። የእናቱን ስም፣ ቀኑን፣ ክብደቱን፣ ምጡ እንዴት እንደነበር። ደብተሩን ምስጥ እንዳይበላባቸው ገጹን ፎቶ እያነሱ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንዱ ዲስክ ሲሞላ ሌላ። ደብተሮቹን ጎርፉ ወሰዳቸው። አሁን የቀሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

አዋላጇ ወደ ወጣቷ እናት ዞረው፣ «አንች ንገሪያት እንጂ፤ ጉዳዩ ያንች ነው» አሏት።

እሷም አንገቷን እንደደፋች ነገረችኝ። የድንበሩን ወንዝ ስትሻገር እርጉዝ ነበረች። አዋላጇ ዘንድ ወለደችና በሳምንቱ ትኩሳት ጣላት፤ ሆስፒታል ገባች። እሷ ተኝታ ሳለ የስደተኞች ምዝገባ መጣ። የባሏ እህት ሕፃኗ ራሽን እንዳይቀርባት ብላ በራሷ ካርድ ላይ የራሷ ልጅ አድርጋ አስመዘገበቻት። በደግነት ነበር። አሁን ግን ያችው የባሏ እህት ከነቤተሰቧ ሩቅ ወዳለው ሀዋታ ልትዛወር ነው። ካርዱ ሲዛወር የልጅቷም ስም አብሮ ይሄዳል።

«እሷም እኔም ምዝገባ ቢሮው ሄደን እውነቱን ተናገርን» አለች። «ቃል አይበቃም፣ የልደት ማስረጃ እስከ ሐሙስ አምጡ አሉን።»

«ከሦስቱ የትኛው ላይ ነው ያለው?»

«እሱን ባውቅማ!» አሉ አዋላጇ።

የእኔ ላፕቶፕ እንደሳቸው ያለ ያረጀ ስለሆነ የዲስኮቹ ቤት ልክ ይገባል። ችግሩ ሌላ ነበር። ማብሪያ ቁልፉ ከተበላሸ ወር አልፎታል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠፋብኝ ለማስነሳት ግማሽ ቀን ስነካካው ዋልኩ፤ ከዚያ ወዲህ አጥፍቼው አላውቅም። ስለዚህ ዲስኮቹን እያፈራረቅሁ ማየት የምችለው ላፕቶፑ እየሠራ ሳለ ነቅዬ እያስገባሁ ብቻ ነው።

እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ። ያወቅሁት ግን በሰው ንብረት ላይ ተሳስቼ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ባለሙያ ነበሩ፤ ሁላችንም ኡስታዝ፣ መምህር፣ እንላቸዋለን። ዱካናቸው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ነፃ ሲስተም ነበር። «ይህ ውስጡን አይደብቅሽም። ምን እንደሚሠራ ማንም ማየት ይችላል። ሲበላሽብሽም የሚከለክልሽ የለም፣ ገብተሽ ታዪዋለሽ» ይሉኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የአንዲት ሙሽራ የሠርግ ፎቶ ያለበትን ዲስክ፣ ኮምፒውተሩ ገና እየጻፈበት ሳለ ስቤ ነቀልኩት። ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ ጠፉ። ኡስታዝ አልጮሁብኝም። «ቢንቲ»፣ ማለትም ልጄ፣ «ጉርሻውን ሳይውጥ ከአፉ ነጠቅሽው» አሉኝና ሙሽራዋ ፊት ሄጄ ራሴ እንድነግራት አደረጉ። ከዚያ ቀን በኋላ ዲስክ ስነቅል ቸኩዬ አላውቅም።

ለአዋላጇም እየሠራሁ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ዲስኩ ላይ የተከፈተውን ነገር ሁሉ ዘግቼ ከሲስተሙ አላቅቀዋለሁ፤ በእኛ ሥራ አንማውንት ማድረግ እንለዋለን። ቀጥዬ ይህ ዲስክ ሊወጣ ነው፣ ከመዝገብህ ሰርዘው የሚል ትእዛዝ እጽፋለሁ። ያኔ ዲስኩ መሽከርከሩን ያቆማል። ጆሮዬን አስጠግቼ ዝም ማለቱን ካረጋገጥሁ በኋላ ነው መቆለፊያውን ገፍቼ የምስበው። ሌላውን ሳስገባ ደግሞ ሲስተሙን ቦታውን እንደገና እንዲፈትሽ አዘዋለሁ።

«እትብት እንደማሰር ነው፤ ቅደም ተከተሉን ከሳትሽ ደም ይፈሳል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእጄ ሳይነቅሉ።

አንደኛው ዲስክ ያለ ችግር ተከፈተ። አዋላጇ መነጽራቸውን አድርገው የገጾቹን ፎቶ አንድ በአንድ አዩ። አንዳንዱን ስም ጮክ ብለው ያነቡና «ይቺ መንታ ነበር የወለደች» ይላሉ። ቀኖቹ ግን የቆዩ ናቸው። ሁለተኛውንም አየነው፤ ልጅቷ ከመወለዷ ሦስት ወር በፊት ያልቃል። ስለዚህ ገጹ ሦስተኛው ላይ መሆን አለበት።

ሦስተኛውን ባስገባሁት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፋይሎቹ ዝርዝር ግማሹ መጣና ቆመ። ጥቂት ደቂቃ ጠበቅሁ። ዲስኩ ከነአካቴው መልስ መስጠት አቆመ። ሲስተሙን ሰርዘው ብዬ አዝዤ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ጠብቄ አወጣሁት። እንደ ጋለ ድንጋይ ይፋጃል።

እናቲቱ ፊቴን አይታ፣ «ሞቷል?» አለችኝ።

«አልሞተም። ታሟል። ሲግል ነው የሚቆመው።»

ሰኞ በዚሁ ዋለ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ካርቱም ያሉ ዲስክ የሚከፍቱ ባለሙያዎች ጦርነቱ ሲመጣ ተበትነዋል፤ እዚህ ደግሞ ከእኔ የተሻለ መሣሪያ ያለው አላውቅም። ካልሠራሁት የሚሠራው የለም። ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንሁ፤ ፋይሎቹን እየከፈትሁ ዲስኩን አላደክመውም። ያለውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ ጤነኛ ዲስክ እገለብጣለሁ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የት እንደደረሰ ስለሚመዘግብ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኩ ሲግል አወጣዋለሁ፣ ሲበርድ እመልሰዋለሁ። እስኪያልቅ ድረስ።

ማክሰኞ ጧት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጀመርን። ለመገልበጫ የሚሆነውን የውጭ ዲስክ በራሱ ኬብል አገናኘሁት። የታመመው ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ቆመ። አወጣሁት። ዱካኔ ደጃፍ ላይ ለመንገደኛ ውሃ የምናስቀምጥበት ትልቅ እንስራ አለ፣ ዚር የምንለው። ሥሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ዲስኩን እርጥበት እንዳይነካው በሁለት ፌስታል አሽጌ እዚያ ሥር አስቀመጥሁት። እናቲቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ግማሽ ሰዓት ቆይተን መልሰን አስገባነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ሠራ። እንደገና ወደ ዚሩ።

አራተኛው ዙር ላይ ከህረባ፣ ኤሌክትሪኩ ማለት ነው፣ ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ መገልበጫው ዲስክ ግን መብራቱን የሚያገኘው ከግድግዳው ስለነበር ጠፋ። ከጣሪያው የሶላር ባትሪ ጋር አገናኘሁትና ተነሳ። የታመመውንም አውጥቼ አቀዝቅዤ መለስሁት። ትእዛዙን ከበፊቱ ቀድቼ ጻፍሁ። ጣቴ ኢንተር ቁልፉ ላይ ሳለ ግን አንድ ነገር ከነከነኝና ቆምሁ።

ሊኑክስ ለዲስኮች ስም የሚሰጠው በአመጣጣቸው ነው። ሁለቱም ወጥተው ስለተመለሱ ስማቸውን ተለዋውጠው ነበር። ቁልፉን ብጫነው ኖሮ ከታመመው ወደ ጤነኛው የነበረው ግልበጣ ተገልብጦ፣ ልደቶቹ ባሉበት ላይ ሌላውን እጽፍበት ነበር። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ አዋላጇ።

ሳልደብቅ ነገርኋቸው። አዳመጡኝና፣ «ዲስኩ ራሱ ላይ የማይለወጥ ስም የለውም?» አሉ።

«ተከታታይ ቁጥር አለው።»

«እንግዲያማ እኔ አነብልሻለሁ። እኛም መድኃኒት ስንሰጥ አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ትወጋለች።»

የሁለቱንም ቁጥር ከዲስኮቹ ጀርባ ላይ አንብበው በትንሽ አዲስ ደብተር ገለበጡ። ከዚያ በኋላ ባለው ዙር ሁሉ፣ ቁልፉን ከመጫኔ በፊት እሳቸው ከደብተራቸው ፊደልና ቁጥሩን እየለዩ ያነባሉ፣ እኔ ከስክሪኑ ጋር አመሳክራለሁ። «ይሁን» ሳይሉ አልጫንም። ስልክ ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ይህን እያየ ይቆማል። ሐሙስ ድረስ ሌላ ሥራ እንደማልይዝ ነግሬ መለስኋቸው። አንዱ ተቆጥቶ ሄደ።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ዲስኩ የሚሠራው አምስት ደቂቃ ብቻ ሆነ። ዙሮቹን መቁጠር ትቻለሁ። እናቲቱ ከዚሩ ዲስኩን ስታመጣልኝ፣ «እህቴ፣ ደክሞሽ ከሆነ ይቅር» አለችኝ።

«ደክሞኛል። ግን አይቀርም» አልኋት።

ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ቀሪው አይነበብም አለ። ጥቂት ቦታዎች አልወጡም። የታመመውን ለመጨረሻ ጊዜ አሰናብቼ አወጣሁትና ቅጂውን ከፈትሁ። የፎቶዎቹ ዝርዝር መጣ። አንዳንዱ አልከፈት አለ። አዋላጇ ቀኑን ያስታውሱ ስለነበር ወደዚያ ሳምንት ሄድሁ።

ገጹ ወጣ። የላይኛው ግማሹ ጥርት ብሏል፤ የታችኛው ግማሽ ግራጫ ነው፣ ምንም የለበትም። የእናቲቱ ስም ከነአባቷ፣ ቀኑ፣ ሴት፣ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ፣ በእግሯ የመጣች ይላል።

«በእግሯ ነው የመጣች» አሉ አዋላጇ።

እናቲቱ ማንበብ አትችልም። ስሟ የቱ ጋ እንደሆነ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አደረግሁ። እሷም ጣቷን አኑራ ቆየች፣ ከዚያ ልጅቷን አንስታ አቀፈቻት።

ሐሙስ ጧት ገጹን አትሜ አራት ሴቶች ሆነን ቢሮ ሄድን፤ የባሏ እህትም ቁረይሻ ከምትሠራበት እርሻ አስፈቅዳ መጥታለች። ጸሐፊው ወጣት ሱዳናዊ ነው። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው።

«የታችኛው ግማሽ የታለ?» አለኝ በዐረብኛ።

ዲስኩ እንዴት እንደታመመና እንዴት እንዳወጣነው አስረዳሁት። አዋላጇን፣ «እዚህ ታች ምን ተጽፎ ነበር?» አላቸው። ተረጎምሁላቸው። የልጅቷን አባት ስም፣ እናቲቱ የወለደችበትን መጠለያ፣ የፊርማቸውን ቦታ ተናገሩ። የባሏ እህት ተነስታ፣ «ልጅቷን ያስመዘገብኋት እኔ ነኝ። የሷ ናት» አለች። እሱም የሆስፒታሉን ወረቀት ጠይቆ ቀኑን ከገጹ ቀን ጋር አነጻጸረ። ከሳምንት በኋላ ነው የተኛችው፤ ልክ እንዳለችው።

«ጠይብ» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ማኅተሙንም ሳበ። የልጅቷ ስም ከአክስቷ ካርድ ተነስቶ እናቷ ካርድ ላይ ተጻፈ።

አዋላጇ ለምሳ እንኳን አልቆዩም። ወድ ኤል ሒለው ውስጥ ወሯ የገባች ሴት አለች። መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ ያልወጡትን ገጾች ዝርዝር ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። እናቶቹን ቤት ለቤት ፈልገው እንደገና እንደሚጽፉ ነገሩኝ። የቻልኩትን ሁሉ በሁለት አዲስ ዲስኮች ገልብጬ አንዱን ላክሁላቸው፣ አንዱ እኔ ዘንድ ነው። በወሩ ተመልሰው መጡ። አሥራ ሁለት ገጽ በእጃቸው ጽፈው ይዘው ነበር፤ የቀሩት ስድስት ገጾች እናቶች ግን ወዴት እንደሄዱ ማንም አልነገራቸውም። ያልተገኙትን ለብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ «ሲገኙ እንሞላዋለን» አሉኝና ፎቶ እንዳነሳው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።